ከሌጀሩ ጀምሩ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችሁ አንዱ "በጀት እኮ ሲስተም ነው፤ ሲስተሙ ከተስተካከለ ሌላው በራሱ ይስተካከላል" አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ገንዘብን ከሚገኘው ውጤት ጋር የሚያያይዘውን የፕሮግራም በጀትን በደንብ ተምሯል። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በወረዳ ፋይናንስ ነው። ስጀምር ሒሳብ የምንይዘው በነጠላ ምዝገባ ነበር። ገንዘብ ሲከፈል ይጻፋል። ገና ያልተከፈለ ግን የታዘዘ ዕቃ የትም አይታይም። አንድ ዓመት አንድ ጽሕፈት ቤት ከኮምቦልቻ ነጋዴ ሲሚንቶ በዱቤ አስጫነ። ለእኛ የነገረን የለም። ሚያዝያ ላይ ሌላ የግዢ ጥያቄ መጣ። መዝገቡን አየሁ፤ በጀት አለ። ፈረምኩ። ሰኔ ላይ የሲሚንቶው ሒሳብ ሲመጣ ካዝናው ባዶ ነው። ነጋዴው በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ ዳገቱን እየወጣ ይመጣል። አይቆጣም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ የተከፈለው ከሚቀጥለው ዓመት በጀት ነው። ስለዚህ አዲሱ ዕቅድ ሐምሌ 1 ሲጀምር ጎደሎ ሆኖ ጀመረ። የዚያ ሰው ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57ን ያወጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ የበጀትና የሒሳብ አያያዝ ሪፎርሙ ቀስ እያለ ወደ እኛ ወረደ። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ጥቅል በጀት፣ ማለትም ወረዳው ራሱ የሚደለድለው ገንዘብ፣ በቀጥታ ለወረዳ መሰጠት ተጀመረ፤ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳባቸውን በጋራ በሚይዝላቸው በአንድ የፋይናንስ ፑል ሥር ገቡ። ሪፎርሙ መጀመሪያ የነካው ምኑን እንደሆነ ልብ በሉ። የሒሳብ መደቦቹን (ለእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት የሚሰጠውን ቁጥር)፣ የወጪ ማዕከሎቹን (ወጪው የሚመዘገብባቸውን ክፍሎች)፣ ጥንድ ምዝገባውን (እያንዳንዱን ሒሳብ በሁለት ጎን መጻፍን)። ለየሒሳብ መደቡ በሚያዘው ዝርዝር መዝገብ፣ በተቀጽላ ሌጀሩ ላይ፣ የተመደበው፣ ለታዘዘ ዕቃ የተያዘውና የተከፈለው ጎን ለጎን መታየት ጀመረ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ያ ሌጀር ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ያን ሚያዝያ አልፈርምም ነበር።

የፕሮግራም በጀት በፌዴራል ደረጃ የተጀመረው ከ2004 በጀት ዓመት ወዲህ ነው። መዘግየቱን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር እላለሁ። የፕሮግራም በጀት "በዚህ ገንዘብ ስንት እናቶች ጤና ጣቢያ ወለዱ?" ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያው በሒሳብ መደብ 6217 ለነዳጅ፣ በ6231 ለውሎ አበል ስንት እንዳወጣ በወቅቱ ካልታወቀ መልሱ ግምት ነው። በግምት ላይ የቆመ ዕቅድ ደግሞ ወረቀቱ ሲያምር ነው የሚያስፈራኝ።

ኮምፒውተሩም ቢሆን ያው ነው። አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲመጣ ደስ ብሎኛል፤ ሪፖርት ለማውጣት ሌሊት ማደር ቀርቷል። ግን የዕቃውን ትእዛዝ ማንም ካላስመዘገበ ማሽኑ ከየት ያውቀዋል?

ሌላው የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ የሚመጣው የሰኔ ጥድፊያ ነው። "በጀቱ ተመላሽ ሊሆን ነው" ተብሎ የማይፈለግ ዕቃ ይገዛል። እናቴ በሰኔ ጎተራውን በቁና ለክታ እስከ መኸር ለየወሩ ታከፋፍለው ነበር። የገንዘብ ፍሰት ዕቅድ ማለት ይኸው ነው። ሐምሌ ላይ ወር በወር በቁም ነገር የተሠራበት መሥሪያ ቤት ሰኔ ላይ ሲሯሯጥ አላየሁም።

ዘንድሮ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ አብሽሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለፈውን ዓመት የክፍያ ሰነዶች አንብቡ። ከዚያ ያልተወራረደውን የተሰብሳቢ ሒሳብ ዝርዝር፣ ማለትም ሰዎች ወስደው ገና ያልመለሱትን ወይም በሰነድ ያልዘጉትን ገንዘብ፣ ጠይቁ። የባለዕዳው ስም የሌለበት ገንዘብ ካገኛችሁ ወደ እኔ ኑ። ሰኞ ከገበያ ከተመለስኩ በኋላ ቤት ነኝ፤ ሰነዱን አብረን እናየዋለን።