«ዘ ዊች»፦ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ፍየሉና ስለ ጫካው ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በሳንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ስለታየው የሮበርት ኤገርስ አስፈሪ ፊልም፣ ስለ «ዘ ዊች» (ጠንቋይዋ)፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ በአሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ ከማኅበሩ ተባርሮ ጫካ ዳር ስለሰፈረ አንድ የፒዩሪታን (የጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) ቤተሰብ ነው። መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት አታንብቡ። ስታዩትም በስልክ፣ መብራት በበራበት ክፍል አትዩት።

የማታ ተመልካች፦ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ትዕይንቶች ለምን ያን ያህል ጨለሙ?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ጃሪን ብላሽኬ ቀኑን በአብዛኛው በደመናማ ሰማይ ብርሃን፣ ሌሊቱን በሻማ ነው የቀረጸው። ማዕድ ከብበው የሚጸልዩበትን ትዕይንት ተመልከቱ፦ ፊቶቹ ይታያሉ፣ ግድግዳው የለም። ከጀርባቸው ያለው ጨለማ ቤቱ ይሁን ጫካው አይለይም። የፊልሙ ፍርሃት ሁሉ ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ቤት ያላቸው ሻማው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። የምስሉ ቅርጽም ያግዛል። ከለመድነው ሰፊ ምስል ይልቅ ጠበብ ያለ፣ 1.66 ለ1 ስለሆነ ዛፎቹ ይረዝማሉ፣ ጣሪያው ራስ ላይ ይወርዳል። ቀለሙንም ልብ በሉ። ልብሱ፣ ሰማዩ፣ እንጨቱ ሁሉ አመድማ ነው፤ የጠንቋይዋ ቀይ ካባ ግን ከጫካ ይመጣል። ሕፃኑን ሳሙኤልን ይዛ የምትሮጠው፣ ወንድሙን ካሌብን የምትስመውም ቀይ ለብሳ ነው። ይህ ሁሉ በስልክ አይታይም።

ባለ ክራሩ፦ የቤተሰቡ ጥቁር ፍየል ምንን ይወክላል?

መላሽ፦ ሰይጣንን። ፊልሙ ራሱ ይነግርሃል።

ባለ ክራሩ፦ ማቴዎስ 25 ላይ በግራ የሚቆሙት ፍየሎችስ?

መላሽ፦ ይስማማል፤ ቤተሰቡም ያደገው በዚያው ወንጌል ነው። የየሰፈራችንን የጥቁር ፍየል ወሬ ግን አትጨምሩበት።

ሁለተኛ ዓመት፦ ከካሌብ አፍ የወጣው ፖም የሔዋን ነው?

መላሽ፦ እሱም አለበት፤ ግን ወደ ኋላ ተመለስ። ካሌብ ከአባቱ ጋር ጫካ ገብቶ ሲመለስ ለእናቱ ፖም ፍለጋ እንደሄዱ ዋሽቷል። በደም ተለውሶ ከአፉ የወጣው ያ ውሸት ነው። የአባትየው እንጨትም እንደዚሁ። እህሉ ሲበላሽበት እንጨት ይፈልጣል፣ አደኑ ሲከሽፍበት እንጨት ይፈልጣል። መጨረሻ ላይ የተናደበት ያው ክምር ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ ጠንቋይ የሚባል የለም። በበቆሎው ላይ ያለው ሻጋታ ያመጣው ቅዠት ነው።

የማታ ተመልካች፦ ታዲያ ሳሙኤልን ማን ወሰደው? ታላቅ እህቱ ቶማሲን ዓይኗን ሸፍና ስትገልጥ ልጁ የለም።

የሐይቅ ልጅ፦ ኤርጎት የሚባለው ፈንገስ እኛም ዘንድ፣ ወሎ ውስጥ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰው ጎድቷል። ፈንገሱ የያዘው ሲናር ገብሱ ውስጥ ተቀላቅሎ ነበር።

ባለ ክራሩ፦ እዚያ ግን ጠንቋይ አየሁ ያለ አልነበረም።

መላሽ፦ የወሎው እውነት ነው፤ የሚታወቀውም እጅና እግር በማድረቁ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን ካሜራው ጠንቋይዋን ከቤተሰቡ ማንም በሌለበት፣ ከሕፃኑ ጋር አሳይቶናል። ያ የማን ቅዠት ነው? ወደ ምስሉ እንመለስ።

እንግዳ፦ በአጠቃላይ የፊልሙ ምስጢር ምንድን ነው?

መላሽ፦ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም። አንድ ትዕይንት ጥቀስ።

እንግዳ፦ መጨረሻው።

መላሽ፦ ይኸው፣ አሁን ጠየቅህ። ሰይጣን ቶማሲንን የሚያባብላት በቅቤና ባማረ ቀሚስ ነው። በተራበ ቤት ለኖረች ልጅ ቅቤ! ከዚያ ጫካ ውስጥ ትልቅ እሳት ይነዳል። ፊልሙን ሙሉ ጭል ጭል የሚል ሻማ ስናይ ቆይተን የሞላና የሚሞቅ ብርሃን የምናገኘው እዚያ፣ ጠንቋዮቹ ዘንድ ነው፤ ልጅቷም እየሳቀች ከመሬት ትነሳለች። ስንት ጊዜ አይቼው እስካሁን ያስፈራኛል።

ዘግይቶ የመጣ፦ ለምን እንዲህ ጨለመ? ምንም አልታየኝም።

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። በምን አየኸው?

ዘግይቶ የመጣ፦ በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ።

መላሽ፦ ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፍተህ እንደገና ጀምር። ማዕዱ ላይ ስትደርስ ከኋላቸው ያለውን ጨለማ እይና ጻፍልኝ።