ኤሌክትሮድዎን የሚበላው የክዳኑ ቀዳዳ ነው

ከወረታ የጠየቁን ወንድማችን ሆይ፣ ጥያቄዎን እንደ ተረዳሁት አሮጌ የናስ ቧንቧና ቫልቭ የሚያቀልጡበት፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ውስጥ የሚያደርሱ ሁለት የግራፋይት ኤሌክትሮዶች (ከካርቦን የተሠሩ ዘንጎች) በክዳኑ በኩል የሚገቡበት አነስተኛ የኤሌክትሪክ እቶን አለዎት፤ ኤሌክትሮዱ እንደ ካሮት ወደ ጫፉ እየቀጠነ ቶሎ ያልቅብዎታል፤ በዙሪያው ደግሞ ነጭ ጢስ ይወጣል። ስለዚህም «የተሻለ ኤሌክትሮድ ከየት ልግዛ? ቀዳዳውንስ በምን አጥብቄ ልድፈነው?» ብለዋል። እኔ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ይህንኑ የመሰለ እቶን ይዤ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ጠይቄ፣ ለሁለቱም የተሳሳተ መልስ ይዤ፣ ዐሥራ ሁለት ኤሌክትሮድና ግማሽ የቆርቆሮ ጣሪያ አጥቼባቸዋለሁ። የእቶንዎን አሠራር ባላየውም የእኔው ዓይነት እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ በአካባቢያችን የሚሠራው ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና።

1ኛ፦ ነጋዴውን ከመውቀስዎ በፊት የኤሌክትሮዱን ውፍረት ከሚሸከመው አምፔር ጋር ያስተያዩ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት 50 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነበር፤ ምክንያቴም ርካሽ መሆኑ ብቻ ነው። የዚህ ኤሌክትሮድ የተቆረጠ ፊት 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 1,000 አምፔር ሲያልፍበት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ50 አምፔር በላይ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ከክዳኑ በላይ ያለው አንገቱ ጭምር ግሎ ቀይ ይሆናል። ወደ 75 ሚሊ ሜትር ሳሳድገው ግን ፊቱ 44 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ያው 1,000 አምፔር በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 23 ወረደ፤ አንገቱም እንደ ጠቆረ መዋል ጀመረ። የእርስዎ አንገቱ ቀልቶ የሚውል ከሆነ ከዓለም ምርጡን ቢገዙም አይጠቅምዎትም።

2ኛ፦ ግራፋይት በእቶንዎ ውስጥ አይቀልጥም፤ የሚያልቀው ተቃጥሎ ነው። ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አየር ካገኘ መቃጠል ይጀምራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም መቃጠሉ ይፈጥናል። አንድ ኪሎ ካርቦን ተቃጥሎ ለማለቅ 11 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ አየር የሚያቀብለው እቶኑ ራሱ ነው። የጋለ ጋዝ ወደ ላይ ስለሚሸሽ የክዳኑ ቀዳዳ እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል፤ ከታች በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ደግሞ አዲስ አየር ይስባል፤ አየሩም ሲወጣ የሚያልፈው በጋለው ኤሌክትሮድ ጎን ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ከማንጋጠጥ በፊት ወደ ታች ይመልከቱ። እኔ ክዳኑን ሳልነካ የበሩን ሥር በሸክላ ጭቃ መርጌ ብቻ አንድ ኤሌክትሮድ የሚያገለግለኝ ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ያህል ረዝሟል። ይህን ያስተማረኝ መሐንዲስ አይደለም፤ ጭስ የበዛበትን የጠላ ቤት ምድጃ ስታስተካክል ያየኋት እናቴ ናት።

3ኛ፦ ቀዳዳውን አጥብቀው አይድፈኑት፤ ይልቁንም በውኃ አያቀዝቅዙት። ይህን ሦስተኛ ማድረጌ ስሕተት ነው፤ ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ የነበረብኝ እርሱን ነበር። ስለዚህ መቁጠሩን ትቼ የሆነውን እንደ ሆነው ልንገርዎ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነጩ ጢስ ሠራተኞቼን አስመርሯቸው ስለ ነበር፣ የትልልቅ ብረት ማቅለጫዎችን ሥዕል አገላብጬ በክዳናቸው ላይ፣ በኤሌክትሮዱ ዙሪያ፣ ውኃ የሚዘዋወርበት ቀለበት እንዳለ አየሁ። እኔም ከመዳብ ቱቦ ሁለት ቀለበት አስጠምዝዤ፣ በቶርኖ ቤት ከታች ወፍራም የመዳብ ሳህን አስበይጄ፣ ኤሌክትሮዱ በጭንቅ እንዲያልፍ አድርጌ አስገጠምኋቸው። ሥራው እጅግ ያማረ ስለ ነበር ለማየት የመጣ ሰው ሁሉ ያደንቀኝ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅላጮች ጢሱ በእውነት ቀነሰ።

ያላሰብሁት ነገር ብረትና ናስ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ናስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው፤ ዚንክ ደግሞ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ለብቻው ሲሆን በ907 ዲግሪ ይፈላል። ይህ ቁጥር በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው፤ ውኃ በ94 ዲግሪ በሚፈላበት በእኛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከመዳብ ጋር ሲዋሐድ መፍላቱ ቢዘገይም፣ አርኩ፣ ማለትም ከኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚዘለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ የሚመታው ቦታ ከሌላው ቅላጭ እጅግ ስለሚግል ዚንኩ ከዚያ እየተነነ ይወጣል። ይህ ትነት አየር ሲያገኝ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚበንን ነጭ የዚንክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ደግሞ እዚያው ላይ ይረጋል። እኔ በመውጫው ላይ ያስቀመጥሁለት ቀዝቃዛ ነገር ያ የኮራሁበት ቀለበት ነበር። ጢሱ የቀነሰውም ቀለበቱ ላይ ስለ ረጋ እንጂ ስለ ቀረ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ክፍተቱ ከዚንክ፣ ከነጩ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄትና ከግራፋይት ብናኝ በተሠራ ቅርፊት ተዘጋ። ማንሻውን የያዘው ልጅ ኤሌክትሮዱን ዝቅ ያደረገ መስሎት ገመዱን ለቀቀ፤ ኤሌክትሮዱ ግን ተጣብቆ ቆሞ ነበር። ገመዱ ረግቦ ሳለ ቅርፊቱ በድንገት ተሰበረ፤ ኤሌክትሮዱም ወርዶ ቅላጩን መታና ከመጋጠሚያው፣ ከኒፕሉ ላይ፣ ተቆረጠ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የአንድ ኤሌክትሮድ ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ቀዳዳ የቀረው ቅርፊት ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ ስለ ነበር አርኩ ከኤሌክትሮዱ ወደ ቀለበቱ ዘለለ። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለአርክ ይህ ምንም አይደለም። የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ ተከፈተና ውኃው ወደ እቶኑ መፍሰስ ጀመረ። ሲንሾካሾክ ሰምተን በቆርቆሮው ላይ ዝናብ የጀመረ መስሎን ነበር፤ ክረምት ነዋ።

አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 ሊትር ይሰፋል። ለዚህ እንፋሎት መውጫ የሚሆነው ቀዳዳ ደግሞ በእኔው ጥበብ ተዘግቷል። ክዳኑ ተነሣ፤ የቀለጠው ናስ ጣሪያውን እየበሳ ወጣ። ዋናውን ማብሪያ ለማጥፋት ስሮጥ የግራ ክንዴን አገኘኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ሰው አለመሞቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ የእኔ ጥንቃቄ ነው ብል ውሸት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያንኑ የብረት ማቅለጫ ሥዕል እንደ ገና አወጣሁት። በክዳኑ ላይ ለሦስቱ ኤሌክትሮዶች ሦስት ቀዳዳ አለ፤ አጠገባቸው ደግሞ አራተኛ ቀዳዳ አለ፤ ከእርሱም ሰፊ ቱቦ ወጥቶ ጢሱንና የሚተንነውን ዚንክ ሁሉ ወደ ማጣሪያ ይስባል። ቀለበታቸው እንዲቀዘቅዝ የቻለው ትነቱ ሌላ መንገድ ስላለው ነው። እኔ የሚያምረውን ቀድቼ የሚሠራውን ተውሁት። እርስዎም «በምን አጥብቄ ልድፈነው» ብለው የጠየቁት ይህንኑ መንገድ ጀምረው ስለሆነ ነው እንዲህ ያስረዘምሁት።

አሁን የምሠራበት ክዳን ሦስት ቀዳዳ አለው። ሦስተኛው ከሁለቱ ራቅ ብሎ ከኋላ በኩል ያለ ሲሆን፣ ከላሜራ በተሠራ ቱቦ ወደ ትልቅ የማረጋጊያ ሣጥን፣ ከዚያም ወደ ጨርቅ ከረጢት ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ አነስተኛ ፋን ይስበዋል። ፋኑ በኃይል እንዲስብ አያድርጉት፤ ከመጠን በላይ ከሳበ በኤሌክትሮዱ በኩል አየር ያስገባና ወደ ቁጥር 2 ይመልስዎታል። ልኩን የማውቀው በዓይኔ ነው፦ በኤሌክትሮዱ ዙሪያ ጢሱ ሳይወጣም ሳይገባም ሲንጠለጠል እዚያው ላይ እተወዋለሁ። በኤሌክትሮዶቹ ቀዳዳ ላይ በየግራና ቀኙ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቻለሁ፤ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ግን በክዳኑ ላይ ያልታሰረ፣ በራሱ ክብደት የተቀመጠ፣ አሉሚና ከበዛበት የእሳት ሸክላ የተሠራ ሁለት ግማሽ ቀለበት ነው። ኤሌክትሮዱ ወደ ጎን ሲያዘነብል ቀለበቱ አብሮት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከኤሌክትሮዱ ጋር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቅም አይቆልፈውም። ቀለበቱ ጋለ ብለው አይደንግጡ፤ እንዲግል ነው የምንፈልገው፤ በጋለ ነገር ላይ ዚንክ አይረጋም። በላዩ የሴራሚክ ፋይበር ገመድ አላልቼ አኖራለሁ፤ አስቤስቶስ ቢሰጡዎት ግን በነጻም ቢሆን አይቀበሉ። በየጠዋቱ፣ ኤሌክትሪክ ሳይለቀቅ፣ ሁለቱንም ኤሌክትሮዶች አንድ ስንዝር ያህል ከፍና ዝቅ አድርጌ መንቀሳቀሳቸውን አያለሁ። የብረት ቀለበት በኤሌክትሮድ ዙሪያ መግጠምም አይቻልም፤ በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ምክንያት ብረቱ ራሱ ይግላል፣ ለአርክም መዝለያ ይሆናል።

ኤሌክትሮድ ሲያጋጥሙ የመጋጠሚያውን የብሎን ክር በአየር ነፍተው ያጽዱ፤ ግራሶ አይቀቡት፤ መያዣውንም መጋጠሚያው ላይ አያሳርፉ። ከሐይቁ በሚነፍሰው እርጥበት የራሰ ኤሌክትሮድም በክረምት ሳይደርቅ አይግባ። ቅላጩን በደቀቀ ከሰልና በተፈጨ ጠርሙስ ሸፍነው ያቅልጡ፤ የዚንኩ ብክነት ከግማሽ በላይ የቀነሰልኝ በዚህ ነው።

ከእኔ በፊት መልስ የሰጡ አንድ ወንድም «ዙደርበርግ የተባለውን ኤሌክትሮድ ራስህ ሥራ» ብለዋል። ያ ኤሌክትሮድ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ በኖርዌይ የተሠራ ነው፤ በላሜራ ቅርፊት ውስጥ የተሞላው የካርቦን ሊጥ ወደ ታች እየወረደ በእቶኑ ሙቀት ይበስላል። ቀንና ሌሊት ሳይቆሙ ለሚሠሩ ግዙፍ እቶኖች ድንቅ ነገር ነው። መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር ለሚቆም እቶን ግን አይሆንም፤ የላሜራውም ብረት ወደ ናስዎ ይገባል።

ስለ ጢሱ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኝ፣ አፌ ብረት ብረት ይለኝ፣ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። በጣና ዳር የሚኖር ሰው እንዲህ ሲሆን ወባ ነው ይላል፤ እኔም ሦስት ጊዜ ደም ተመርምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወባ የለም ተባልሁ። ሕመሙ ጢስ ከዋጥሁ ከሰዓታት በኋላ ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተወኛል፤ ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ማታ ደግሞ ይብሳል። የዚንክ ጢስ ትኩሳት ጠባዩ ይኸው ነው። ወተት ጠጡ የሚለውን ምክር ይርሱት። በአሮጌ ቧንቧ ናስ ውስጥ እርሳስም አለ፤ የእርሳስ ጢስ እንደ ዚንኩ በሁለት ቀን አይለቅም። ለሠራተኞችዎ የጢስ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ይግዙ።

ኤሌክትሮዱን ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ አሁን ልንገርዎ፤ እኔን ከእቶኑ ይልቅ ያቃጠለኝ ቢሮ ነው። ስሙን ባልጠራው ይሻላል። የመጀመሪያው ጭነቴ ደርሶ ሰነዱን ይዤ ስቀርብ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና እንኳ ሳይል «ኤሌክትሮድ የብየዳ ነው» ብሎ በዚያው መደበልኝ። ይህ ለእቶን የሚሆን ግራፋይት እንጂ የብየዳ ዘንግ አይደለም ብዬ ባስረዳው «አንተ ነህ ሥራዬን የምታስተምረኝ?» አለኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ተመላለስሁ፤ የመጋዘን ኪራዩ ከኤሌክትሮዱ ዋጋ ሩብ ደረሰ። በመጨረሻ 75 ሚሊ ሜትሩን ኤሌክትሮድ በከረጢት ተሸክሜ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለትና «ጌታዬ፣ በዚህ በር ይበይዱልኝ» አልሁት። አለቃው ስቆ ፈረመ። እርስዎ ግን ይህ ሁሉ እንዳይደርስብዎ ሻጩ በደረሰኙ ላይ «ለእቶን የሚውል የካርቦን ኤሌክትሮድ» ብሎ እንዲጽፍና የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥሩን 8545.11 እንዲያደርግ አስቀድመው ይንገሩት፤ 8311.10 ከተጻፈ የብየዳው ነው።

አሁን የክዳንዎን ቀዳዳ ስፋትና የኤሌክትሮዱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ለክተው፣ የጢስ መውጫ ለብቻው ካለውም የት ላይ እንደሆነ ጠቅሰው እዚሁ ይጻፉልኝ። እስከዚያው ድረስ ግን በቀዳዳው ውስጥ የጠቀጠቁትን ነገር ሁሉ ዛሬውኑ ያውጡት።