መልስ፦ የአማርኛውን ጥቅስ ብቻ ወደ «» መቀየር (ሊብሬኦፊስ ራይተር በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም)

አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት ሰነድ ውስጥ የእንግሊዝኛውን ጥቅስ “ ” ሳትነካ የአማርኛውን ብቻ ለመለወጥ እንዲህ አድርግ፦

1. ኮንትሮልና ኤች ተጫን፤ በሚከፈተው የመፈለጊያና መተኪያ መስኮት ከታች «አዘር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽንስ» (በቀመር መፈለግ) ላይ ምልክት አድርግ።
2. መፈለጊያው ላይ፦ “([^“”]*[ሀ-፼][^“”]*)”
3. መተኪያው ላይ፦ «$1»

[ሀ-፼] ማለት በጥቅሱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የግዕዝ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ ወይም አኃዝ ይኑር ማለት ነው፤ የሌለበት ጥቅስ እንዳለ ይቀራል።

ከአሁን በኋላ ስትጽፍ ራሱ እንዲቀይርልህ ደግሞ በቱልስ፣ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ፣ «ሎካላይዝድ ኦፕሽንስ» ገብተህ የድርብ ጥቅሱን መክፈቻ «፣ መዝጊያውን » አድርገው። እንግሊዝኛ ስትጽፍ ምልክቱ እንደገባ ኮንትሮልና ዜድ ብትጫን ቅያሬው ብቻ ይመለሳል።

አደራ፣ ቀጥ ያለውን " በዚህ ቀመር ውስጥ አታስገባው። መክፈቻና መዝጊያው አንድ ስለሆነ ቀመሩ አይለያቸውም፤ 24" ስክሪን እና 27" ስክሪን የሚለው 24« ስክሪን እና 27» ስክሪን ይሆንብሃል። ቀጥ ያሉትን ጥቅሶች አንድ በአንድ እያየህ ቀይር። ከአንድ አንቀጽ ወደ ሌላ የተሻገረ ጥቅስም ስለሚያመልጠው፣ ሰነዱን ለማተሚያ ቤት ከመስጠትህ በፊት የቀረ “ ካለ ፈልግ።