የመጀመሪያው እትም የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የትርጉም ልቦለዶችን የመጀመሪያ እትም መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። «የመጀመሪያ» የሚባለው ደራሲው በጻፈበት ቋንቋ የወጣው ነው ወይስ ትርጉሙ?

መልስ፦ ሁለቱም የየራሳቸው የመጀመሪያ እትም አላቸው፤ የትኛውን እንደሚከተሉ አስቀድመው ይወስኑ። የጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ቦነስ አይረስ ላይ በስፓኒሽ የታተመው በ1967 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የግሪጎሪ ራባሳ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1970 ተከተለ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። የፓስተርናክ «ዶክተር ዢቫጎ» በሶቪየት ኅብረት እንዳይታተም ስለተከለከለ መጀመሪያ የወጣው በ1957 ሚላን ላይ፣ ያውም በጣሊያንኛ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው አንድ ልቦለድ ሁለት ተርጓሚ ሲኖረው ነው። የጃፓናዊው ሙራካሚ «ኖርዌጂያን ውድ» በ2000 በእንግሊዝኛ የወጣው በጄይ ሩቢን ተተርጉሞ ነው። የአልፍሬድ በርንባም ትርጉም ግን ከዚያ ቀድሞ በ1989፣ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩ አንባቢዎች፣ በሁለት ትንንሽ ቅጾች ታትሞ ነበር። ሻጩ «የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ እትም» ሲልዎ «የማን ትርጉም?» ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ከርዕስ ገጹ ጀርባ «የመጀመሪያ እትም» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ 10 9 8 7 6 5 4 3 የሚል ቁጥር አለ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ቁጥሩን። ከተደረደሩት ውስጥ ትንሹ የስንተኛ ጊዜ ኅትመት እንደሆነ ይነግራል፤ የእርስዎ ሦስተኛው ነው። አሳታሚው በድጋሚ ባተመ ቁጥር ያለፈውን አኃዝ ይፍቃል፣ ቃሉን ግን ሳይነካው ሊተወው ይችላል። አንዳንዱ 1 3 5 7 9 10 8 6 4 2 ብሎ ያሰባጥራል፤ ያም ቢሆን 1 መኖሩን ብቻ ይፈልጉ። የአሜሪካው አሳታሚ ራንደም ሀውስ ለብዙ ዓመታት ከዚህ ይለይ ነበር፦ በመጀመሪያው ኅትመት «የመጀመሪያ እትም» ከሚለው ቃል ጋር ትንሹ ቁጥር 2 ነው። በፈረንሳይኛ መጻሕፍት የታተሙበትን ወርና ዓመት አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ያገኙታል፤ የጃፓኖቹም የኅትመት መረጃ የሚገኘው ከኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የመጽሐፉ ጃኬት (ጠንካራውን ሽፋን የሚያለብሰው ተነቃይ ወረቀት) ጥጉ ተቆርጧል። ችግር አለው?

መልስ፦ የተቆረጠው ዋጋው የሚጻፍበት ጥግ ከሆነ አዎ፣ የመጽሐፉን ዋጋ ይቀንሳል። ስጦታ የሰጠ ሰው ቆርጦት ይሆናል፤ ወይም ዋጋ የማይጻፍበትን የመጻሕፍት ክበብ እትም (ለክበቡ አባላት ተብሎ ለብቻ የሚታተመውን) ለመደበቅ የተደረገ ነው። ጃኬቱን ያውልቁና የኋላውን ጠንካራ ሽፋን የታችኛውን ጥግ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ትንሽ ስርጉድ ነጥብ ካገኙ የክበብ እትም ነው። ወረቀቱም ብዙ ጊዜ ይሳሳል። የተቀደደ ጃኬት ላይ ስኮች አይለጥፉ፤ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ጥርት ባለ የፖሊስተር ፕላስቲክ ያልብሱት፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ግን አይሁን።