መልስ፦ ቼዝ የልጄን ንዴት ያበርድለታል ወይስ ያባብስበታል?

እህቴ፣ ልጅሽ በተሸነፈ ቁጥር ጠጠሮቹን እየበተነ ይነሳል ብለሻል። ቼዙን አታስተዪው። ግን የሚለውጠው መጫወቱ ብቻውን ሳይሆን ከጨዋታው በኋላ ያለው ምርመራ ነው።

በውድድር ሕግ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ስለዚህ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ያለችው ቅጽበት ትልቅ ቦታ አላት። ንግሥቴን በከንቱ ያስበላሁባቸውን ጨዋታዎች መለስ ብዬ ሳይ፣ አብዛኞቹ የተበላሹት ባለማወቅ አልነበረም። አንድ ወታደር ተበልቶብኝ፣ ፊቴ ግሎ፣ ቶሎ ለመበቀል ስቸኩል ነው። አሁን ጨዋታው ካለቀ በኋላ (በመሀል ማስታወሻ መያዝ ክልክል ነው) በመዘገብኳቸው እንቅስቃሴዎች ጎን "ፈራሁ"፣ "ጓጓሁ"፣ "ናቅሁት" እያልኩ እጽፋለሁ። "ናቅሁት" ያልኩበት ቦታ ላይ ስህተት የማላገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ሚዛናዊ አስተሳሰብን በተመለከተ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሚሼል ካውሊና ሩት በርን በ2004 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ደስ ይለኛል። ጠንካራዎቹ ተጫዋቾች የራሳቸውን ዕቅድ የሚያፈርስ መልስ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ ጀማሪዎቹ ግን ተጋጣሚው ለእነሱ የሚመቸውን እንደሚጫወት ያስቡ ነበር። ይህ ልማድ ከሰሌዳው ውጭ በራሱ አይሻገርም፤ አብሮት የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል።

ልጅሽ ሲረጋጋ "ለምን ተሸነፍክ?" አትበዪው። ሰሌዳውን አዙሪና በተጋጣሚው ወገን አስቀምጠሽ "እሱን ብትሆን ምን ትፈራ ነበር?" በዪው። ከዚያ "አንተስ የተናደድከው የትኛው እንቅስቃሴ ላይ ነው?" ብለሽ ጠይቂው፤ በጣቱ ያሳይሽ።