«ተመስገን» ስል የምዋሽ ይመስለኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ይህ ዓመት በጣም ከብዶኛል። አባቴን ቀበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነስኩ። አሁን ደግሞ እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ የማስታምማት እኔ ነኝ። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ውስጤ ግን «ውሸታም» ይለኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ ሌሊት እናቴ ሳትቃትት አደረች። ጠዋት ሻይ ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ እግሬ ላይ አረፈች፤ ቤቱም ጭር ብሏል። ሳላስበው «ተመስገን» አልኩ፤ ከልቤ። ወዲያው ግን አፈርኩ። አባቴ ሞቶ፣ እናቴ ታማ፣ እኔ በሻይ እደሰታለሁ? ለንስሐ አባቴ ልናዘዘው ሁሉ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «በትንሹ ካመሰገንሽ እዚያው ትንሹ ላይ ትቀሪያለሽ» ትለኛለች። ራሴን እያታለልኩ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሞ የአባትሽን ነፍስ ይማርልሽ። ለእናትሽም ምሕረቱን ይላክላቸው። ስለ ጸሎትና ስለ ጾም አላስተምርሽም፤ በዚያ እንደማትታሚ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። በቀጥታ ወዳስጨነቀሽ ነገር ልግባ።

ይህን ጥያቄ ብዙ ምእመናን በተለያየ ቃል አምጥተውልኛል። ሥሩ አንድ ነው። ምስጋና ማለት «ሁሉም ነገር ደህና ነው» ብሎ መፈረም ይመስላቸዋል። እንዲህ ከታሰበ ደግሞ የከፋው ሰው መላ የለውም። ወይ ኀዘኑን ደብቆ ያመሰግናል፣ ወይ ምስጋናውን ትቶ ያዝናል። አንቺም በመስኮቱ ሥር የደረሰብሽ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ደስ ሲልሽ፣ ኀዘንሽን የከዳሽው መሰለሽ።

እስቲ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አውጥተሽ አንብቢው። ብዙ ጊዜ እንደ ጉዞ ታሪክ ነው የምናልፈው፤ ያሳዝነኛል። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም በመርከብ ይወሰዳል። ማዕበል ተነሣ። ጭነት ተጣለ፣ የመርከቡ ዕቃ ሳይቀር ወደ ባሕር ተወረወረ። ለብዙ ቀን ፀሐይም ኮከብም አልታየም። ቅዱስ ሉቃስ ራሱ እዚያው ስለነበር «የመዳን ተስፋችን ተቆረጠ» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ነገሩን አያሳምርም። በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ ወደ የብስ የቀረቡ መሰላቸው። ገመድ ጥለው ጥልቀቱን ለኩ። 20 ፋተም (የባሕር ጥልቀት መለኪያ ነው) ሆነ። ትንሽ ሄደው ሲለኩ 15። ከዓለት ጋር እንዳይላተሙ ፈሩና ከኋላ 4 መልሕቅ ጣሉ። ከዚያ «ምነው በነጋ» እያሉ ተቀመጡ።

ሊነጋ ሲል ጳውሎስ ምን አደረገ? እንጀራ አነሣ፣ በሁሉም ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ቆርሶም ይበላ ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ማዕበሉ አልቆመም። ጳውሎስም መርከቡ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ቀደም ብሎ ራሱ ነግሯቸዋል። ስለ ማዕበሉ «ተመስገን» ሲል አልተጻፈም። «ማዕበሉ ለበጎ ነው፣ አትጨነቁ» ብሎም አልሰበከም። በእጁ ላይ እንጀራ ነበር፤ በያዘው እንጀራ አመሰገነ። ሲነጋ የሚሰበር መርከብ ላይ ቆሞ የተናገረው ምስጋና አንዲት የውሸት ቃል የለበትም። እንጀራው እውነት ነውና። ማዕበሉም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አላሰረዘውም።

ያንቺም ሻይ እንደዚያው ነው። «ተመስገን» ስትዪ «አባቴ መሞቱ ደግ ሆነ» አላልሽም። «ሥራ ማጣቴ ምንም አይደል» አላልሽም። እናትሽ አንድ ሌሊት በሰላም አደሩ፤ ስለዚያ አንድ ሌሊት አመሰገንሽ። ስለ ዓመቱ በጠቅላላ እንድትፈርጂ ማንም አልጠየቀሽም። እግዚአብሔርም አልጠየቀሽም።

የቅዳሴያችንን ጸሎተ አኰቴት፣ የምስጋናውን ጸሎት ማለቴ ነው፣ ልብ ብለሽ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? የቅዱስ ባስልዮስ የሚባለውን። በየቅዳሴው ቆመሽ ታስቀድሺዋለሽ፤ ግን እግር ሲዝል ጆሮም ይዝላል፣ ይገባኛል። እዚያ ውስጥ «ዓመቱ ስለተሳካልን እናመሰግንሃለን» የሚል የለም። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና እያለ ይሄድና እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ይላል። እስከዚህች ሰዓት። የተሾመውም፣ የተሻረውም፣ ያገባውም፣ የቀበረውም አንድ ላይ ቆመው ሊሉት የሚችሉት ምስጋና ይህ ነው። ሁሉም እዚህች ሰዓት ላይ ደርሰዋልና።

ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ለሚልሽ መንገደኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለትሽ ውሸት አይደለም። ሰላምታ ነው፤ ሰውየውም ያውቀዋል። ቁጭ ብሎ ከልቡ ለሚጠይቅሽ ሰው ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። «ተመስገን፤ ግን ከብዶኛል» በይው። «ተመስገን» «ግን» የሚለውን ቃል አይከለክልም። ዳዊት በ12ኛው መዝሙር «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምርና እግዚአብሔርን በማመስገን ይጨርሳል። በመካከሉ ችግሩ ተፈታ አይልም። የመጀመሪያውን ቁጥር ይቅርታ ጠይቆ አልሰረዘውም፤ እስከ ዛሬ ሁለቱንም እንደግማቸዋለን።

አሁን ትንሽ ኮስተር ልበል፤ ለአንቺ ሳይሆን በዙሪያሽ ላሉት። ኀዘንተኛ ሊያጽናኑ መጥተው «ተመስገን በይ፣ የባሰ አለ» የሚሉ አሉ። ልባቸው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ማጽናናት አይደለም፤ አፍ ማስያዝ ነው። ደግሞም «የባሰ አለ» የምስጋና መሠረት ከሆነ፣ እኔ የማመሰግነው ሌላው ስለባሰበት ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያመሰገነ ሰው በወንጌል አለ። በሉቃስ 18 ፈሪሳዊው ቤተ መቅደስ ቆሞ «እንደ ሌላው ሰው ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» አለ። ጌታ ጸድቆ ተመለሰ ያለው እርሱን አይደለም። የሌላ ሰው ጉስቁልና ለእኔ ምስጋና ማገዶ ሊሆን አይገባም። «ከባሰ ሰውረኝ» ብሎ መጸለይ ሌላ ነው፤ እርሱን ሁላችንም እንጸልየው። የማይነሡ ሕመምተኛ ያሉበትን ቤት አይተሽ «እኔስ ተመስገን» ከምትዪ ግን፣ ገብተሽ ውኃ ብታቀብዪ ይሻላል።

ወደ ኀፍረትሽ ልመለስ። «እንዴት እደሰታለሁ?» ብለሻል። ነቢዩ ኤልያስን አስቢው፤ ቀዳማዊ ነገሥት 19። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ምላለች። ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፣ ከአንድ የክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ «በቃኝ» አለ፤ ሞቱንም ለመነ። እንግዲህ ይህ ትልቅ ነቢይ ነው፤ በቀርሜሎስ እሳት ያወረደ። እግዚአብሔር ምን ብሎ መለሰለት? ተግሣጽ አልላከም። የኤልዛቤልን መውደቂያም በዚያች ሰዓት አላሳየውም። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ሲያይ በራስጌው የተጋገረ እንጐቻና በማሰሮ ውኃ አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ደግሞ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» አለው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያ ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። መልአክ አይቶ ተመልሶ ይተኛል! መልአኩም አልተቆጣም። ደክሞት እንደነበር ያውቃላ። ከባዱ ጥያቄ፣ «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው፣ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። አስቀድሞ ምግብ፣ ውኃና እንቅልፍ ተሰጠው። ለሚያዝን ሰው ከእግዚአብሔር የሚመጣ መጽናናት እንዲህ ትንሽና ተራ ሊሆን ይችላል። ኤልያስ «ሕዝቡ እንዲህ ሆኖ እኔ እንዴት እበላለሁ?» ብሎ እንጐቻውን አልገፋም። አንቺም የጠዋቷን ፀሐይ አትግፊ። ለማስታመም የምትነሺበት ጉልበት ከዚያ ነው የሚመጣው። አባትሽም ቢሆኑ፣ ልጃቸው ትኩስ ነገር ስትጠጣ አይተው የሚቀየሙ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ለሳምንታት ምንም ነገር የማይጥምሽ፣ እንቅልፍ እምቢ የሚልሽ፣ መኖሩ ራሱ የሚያስጠላሽ ከሆነ፣ «ማመስገን አቃተኝ፣ እምነቴ ቀነሰ» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ለሐኪም ንገሪ። ጸበሉና ጸሎቱ ሐኪሙን አይከለክሉም። የሚያስታምም ሰውም ይታመማል፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። ዘመድ ካለሽ አንድ ሌሊት ተክቶሽ ይደር፤ ለመጠየቅ አትፈሪ።

ስለ ጓደኛሽ አባባል ብዙ አልልም። እግዚአብሔር ሻጭ አይደለም፤ ዋጋው እንዳይወደድብን ደስታችንን የምንደብቀው። ያንኑ ጸሎተ አኰቴት ብትከታተዪ፣ ካመሰገነ በኋላ ወዲያው ወደ ልመና ነው የሚገባው፤ ይህን ቀንና የሕይወታችንን ዘመን ሁሉ በሰላም እንዲጠብቅልን። ሐዋርያውም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ልመናችሁን ከምስጋና ጋር አስታውቁ ነው ያላቸው። ስለ ሻዩ አመስግነሽ፣ በዚያው ትንፋሽ «ጌታ ሆይ፣ ሥራ ስጠኝ፣ እናቴን ማርልኝ» በይ። በትንሹ ማመስገን ትልቁን መተው አይደለም።

ማታ ለጸሎት ስትቆሚ እንዲህ አድርጊ። አስቀድመሽ የከበደሽን ተናገሪ፣ በስሙ ጥሪው። ከዚያ ከዕለቱ አንድ ነገር ፈልጊ፤ አንድ ይበቃል። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብለሽ በጅምላ አትለፊው። «እናቴ ዛሬ ትራሱን ሳስተካክልላት ፈገግ ስላለች» በይ። «ዝናቡ ልብሱን ካስገባሁ በኋላ ስለጀመረ» በይ። ይህ ለእግዚአብሔር ያንሳል ብለሽ አትፈሪ። ምንም የማታገኚበት ማታም ይኖራል። ያን ቀን «እስከዚህች ሰዓት አድርሰኸኛል» ብለሽ ተኚ። ደብተር ይዘሽ የምትቆጥሪው የቤት ሥራ እንዳታደርጊው ብቻ፤ አንዳንዶች እንዲህ አድርገው ሌላ ሸክም ጨምረውበታል።

ጳውሎስ ያመሰገነው «በሁሉ ፊት» ነው ብዬሻለሁ። በመርከቡ 276 ነፍስ ነበረ። እርሱ አመስግኖ ሲበላ አይተው ተጽናኑና እነርሱም በሉ። አንቺም ያን ጠዋት ለእናትሽ ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ሌሊቱን ደህና ስላደርሽልኝ ደስ ብሎኝ ነበር» በያቸው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሸክም የሆነ ይመስለዋል። የልጃቸው ደስታ ምክንያት እርሳቸው እንደሆኑ ይስሙ።

ለንስሐ አባትሽ ልናዘዘው ያልሽውን ግን ተዪው። በሻይ መደሰት ኃጢአት አይደለም። ድካምሽን ንገሪያቸው፣ ስለ እናትሽም ጸሎት ለምኛቸው። ሌላ የምትናዘዢው ካለሽ፣ እርሱን ይዘሽ ሂጂ።