የሰብለን እናት ታሪክ ለመጻፍ የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሰብለ ወንጌል እናት፣ በወይዘሮ ጥሩአይነት አንደበት እንደ አዲስ እየጻፍኩት ነው። ከመጽሐፉ አንድም ዐረፍተ ነገር አልገለበጥኩም። መጀመሪያ በቴሌግራም በነፃ ልልቀቀው፣ ከዚያ ላሳትመው አስቤያለሁ። በሕግ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ ከለቀቁት፣ አዎ፣ ሊያስጠይቅዎት ይችላል። ሐሳቡን ግን በጣም ወድጄዋለሁ። ስለዚህ እንዲተዉት ሳይሆን በደንቡ እንዲጨርሱት ነው የምመክርዎ።

መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቆጠራው ግን ከታተመበት ቀን አይጀምርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሙሉና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው። እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ መብቱ የወራሾቻቸው ነው ማለት ነው።

«አልገለበጥኩም» ማለትዎ ይጠቅምዎታል፣ ግን አይበቃም። ሥራውን ማባዛት ብቻ ሳይሆን መተርጎም፣ ማዛመድና ወደ ሌላ መልክ መለወጥም በአንቀጽ 7 ለመብቱ ባለቤት የተተወ ነው። ሐሳብ የማንም አይደለም። ደሃ የቆሎ ተማሪ የባላባት ልጅ ቢወድ ማንም ሊጽፈው ይችላል። የእርስዎ ረቂቅ ግን በዛብህን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳን ከነስማቸው ይዟል። በዛብህ ለማስተማር ፊታውራሪ ቤት ይገባል፤ ከሰብለ ጋር ይዋደዳል፤ ኋላ ይኮበልላል፤ እሷም ትከተለዋለች። እናትየው ከጓዳ ሆና ብታየውም ታሪኩ ያው የሐዲስ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን መለወጥ ነው እላለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ክርክር ነበር። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመውን የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ («ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») አንዲት ደራሲ በባሪያ ሴት አንደበት መልሳ ጻፈችው። የሚቸል ወራሾች ከሰሱ፣ መጽሐፉም ታገደ። በ2001 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት ዋናውን ሥራ የሚተች ነው ብሎ እግዱን አነሳ። ይህን ይዘው እኛ አገር ችሎት አይግቡ። የእኛ አዋጅ ለይቶ የሚፈቅዳቸው ነገሮች አሉ፣ ለምሳሌ አጭር ጥቅስ። ለትችት ተብሎ ሙሉ ታሪክን መልሶ መጻፍ ግን ከነሱ ውስጥ የለም።

በነፃ መልቀቅም አያድንም። ገንዘብ አለመቀበልዎ የካሳውን ልክ ይነካ ይሆናል እንጂ ጥሰቱን አይሽረውም። ሽፋኑ ላይ የደራሲውን ስም መጻፍም ፈቃድን አይተካም። ሆን ብሎ መጣስ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ቴሌግራሙን ለጊዜው ይተዉት። መጽሐፉን አሁን የሚያሳትመውን ድርጅት ጠይቀው ወራሾቹን ያግኙ። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ጥሩ የሚሏቸውን ሁለት ሦስት ምዕራፎች አትመው ይዘው ይሂዱ። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚፈራው የአባት ስም እንዳይጎድፍ ነው። ሥራው ክብርን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብትም አለና ስጋታቸውን በአክብሮት ይስሙ።

ከተስማሙ በቃል አይለያዩ፤ ፈቃዱ በጽሑፍ መሆን አለበት። የፈራሚዎቹን የወራሽነት ማረጋገጫ ይዩ፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ወይም ሕጋዊ ወኪላቸው ይፈርም። ፈቃዱ ለኅትመት ብቻ ነው ወይስ ለትረካና ለፊልምም? ለስንት ዓመት? ክፍያው በስንት እጅ? ይህ ሁሉ ተለይቶ ይስፈር። እርስዎ የፈጠሩት ክፍል መብት የእርስዎ መሆኑም እንዲጻፍ አጥብቀው ይጠይቁ።